እሑድ ጠዋት ሌላ መርዶ አለኝ

በየከተማው አንዲት መርዶ ነጋሪ አለች። ከተማ ያለ ከንቲባ ይከርማል፤ ያለ እሷ ግን አንድ ሳምንት አይዘልቅም። እናንተም ታውቋታላችሁ። ገና በማለዳ በራችሁን ቆርቆር አድርጋ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ "እንዴት አደራችሁ?" ስትል "ማን ሞተ?" የምታሰኛችሁ እሷ ናት። እስራኤል አገር፣ የረሆቮቷ ክብርት ወይዘሮ ሙሉሸዋ ትባላለች። መኖሪያዋ ክፋር ግቢሮል የሚባለው ሰፈር፣ ሥራዋ ጡረታ፣ ሹመቷ ደግሞ ማንም ያልሰጣት፣ ማንም የማይሽራት።

ከጎንደር ተደውሎ እገሌ አረፈ ሲባል፣ ወሬው መጀመሪያ ወደ ሟች ቤተሰብ አይሄድም፤ ወደ ሙሉሸዋ ነው የሚሄድ። እሷ ትሰማለች፣ "እህ" ትላለች፣ አብረዋት የሚገቡ ሰዎችን ትመርጣለች፣ ቀን ትቆርጣለች። እዚህ አገር የተወለዱት ልጆች ሞትን በስልክ መልእክት የሚላላኩ ናቸውና ይስቁባታል። የራሳቸው ቀን ሲመጣ ግን ማን ይቀድማቸዋል? ደጇ ላይ ተሰልፈው "እትዬ፣ ለእናቴ እንዴት ብዬ ልንገራት?" ይላሉ።

ሹመት ዕዳ ነውና እሷም ዕዳዋን ትከፍላለች፤ በሰላም ቀን እንኳ የሰው ቤት ማንኳኳት አትችልም። አንድ ጊዜ የተዋሰችውን ድስት ልትመልስ አራተኛ ፎቅ ወጣች። የቤቱ ባለቤት ይርዳው፣ ያ ግንድ የሚያህል ሰውዬ፣ በሩን ከፍቶ ሲያያት እዚያው ወለሉ ላይ ዝርግፍ አለ።

"ማን ነው? ወንድሜ ነው? ኧረ ይንገሩኝ እትዬ!"

"ድስትህ ነው" አለችው።

ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስትወጣ በየፎቁ "ማንም አልሞተም! ማንም አልሞተም!" እያለች ነው። ሰላምታዋ ሆኖ ቀረ። የሰፈሩ ሕፃናትም ከሩቅ ሲያዩዋት ተቀባብለው ያሰሙላታል።

ሌላው ግብሯ ከረሆቮት ውጭ አለማደር ነው። አንዴ የጡረተኞች ማኅበር ወደ ጥብርያ ፍል ውኃ ይዟቸው ሊሄድ፣ አውቶቡሱ ሞተር አስነስቶ ሳለ ስልኳ ጮኸ። የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ነበር። እሷ ግን ወርዳ ነበር፤ ወርዳም ቀረች። ኤይላት ቢሏት፣ ኢየሩሳሌም ቢሏት፣ መልሷ አንድ ነው፦ "በዚያ መሃል ሰው ቢሞትስ?" ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ፣ ይህቺን ጥያቄ የመለሰላት የለም።

እንግዲህ የማንተገብሽ ጭንቅ ከዚህ ይጀምራል።

ማንተገብሽ ጓደኛዋ ናት። "ጓደኛ" ማለት ራሱ ያንስባቸዋል። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከኢትዮጵያ በአንድ አውሮፕላን መጡ፣ በአንድ ሕንጻ ሁለት ደረጃ ተራርቀው ልጅ አሳደጉ፣ በየመከሩ በርበሬ አብረው እየቀመሙ እኩል ይካፈላሉ። ዘንድሮ ብቻ ማንተገብሽ "ሆዴን ያቃጥለኛል" ብላ ትንሹን ዕቃ አንስታለች። ሆዷን ግን የሚያቃጥላት ሌላ ነው። ልጇ ሜይታል ከርሚኤል ነው ያለችው፣ እላይ ሰሜን፤ ነርስ ናት፣ መንታ ወልዳለች፣ ሌት ተቀን ሥራ ነው። "ኢማ፣ ነይልኝ" አለች። የትኛዋ እናት እምቢ ትላለች? ክፍሉ ተዘጋጀ፣ ቀኑ ተቆረጠ፣ ሁለት ሳምንት ቀረው። ማንተገብሽ ይህን ለሙሉሸዋ አልነገረቻትም።

አልቻለችም። ሁለት ወር ሙሉ አፏን ከፍታ ትዘጋለች። በዚህ ከተማ ክፉ ወሬ የያዘ ሰው ሙሉሸዋን ይልካል፤ ለሙሉሸዋ ማን ይላካል?

ሜይታል የእናቷ ጭንቅ ሲበዛባት አንድ ዘዴ መጣላት። "ረሆቮት ውስጥ ጺመር፣ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል፣ ልያዝላችሁ። ከዓርብ እስከ እሑድ፣ ሁለታችሁ ብቻ። ከከተማ ካልወጣች ምን ብላ እምቢ ትላለች? እዚያ ተረጋግተሽ ትነግሪያታለሽ። ቤሰደር?"

ቤሰደር፤ እሺ። ሙሉሸዋም ለሦስት ቀን ካሰበችበት በኋላ፣ ክፍሉ ሻዓራይም፣ የየመን አይሁዶች ሰፈር፣ መሆኑን፣ ከቤቷ በእግር ግማሽ ሰዓት መሆኑን፣ ስልክም መግባቱን አረጋግጣ ተስማማች።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱ ወይዛዝርት ጎማ ያለው ሻንጣ እየጎተቱ ከክፋር ግቢሮል ወጡ። የአውቶቡሱ ሹፌር ሻንጣቸውን አይቶ "ወዴት ነው በሰላም?" ቢላቸው፣ ሙሉሸዋ ፊቷን ሳትፈታ "ውጭ አገር" አለችው። ከስድስት ፌርማታ በኋላ ወረዱ።

ባለቤቱ ኤሊሻ የሚባል የመናዊ ሽማግሌ ነው። ዝቅ ያለች ቤት፣ አጸድ፣ አንድ የሎሚ ዛፍ፣ ከዛፉ ወደ ግድግዳው የተወጠረ የገመድ አልጋ። "ከየት መጣችሁ?" አላቸው በዕብራይስጥ።

"ከክፋር ግቢሮል።"

"የቱ ክፋር ግቢሮል?"

ሙሉሸዋ በጣቷ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ጠቆመችው። ኤሊሻ የሚጠቁመውን ጣት አየ፣ ሻንጣውን አየ፣ ከዚያ ወገቡን ይዞ ሳቀ። ሲበቃው ናና ያለበት ሻይ ይዞ መጣና፣ እሱም በዕድሜው ሙሉ ከዚህ ሰፈር እንዳልወጣ፣ አንድ ቀን ግን ክፋር ግቢሮልን ለማየት እንዳሰበ ነገራቸው።

ኧረ ደስ አላቸው! ማንተገብሽ ያልጠበቀችው ነገር ይህ ደስታ ነው። ሙሉሸዋ ገበያ ገብታ ሰፊ ባርኔጣ ገዛችና እንደ ቱሪስት ሆነች። ሠላሳ ዓመት ያለፈችበትን መንገድ እየቆመች "ውይ፣ ይህ ዛፍ መቼ በቀለ?" ትላለች። ለባሚያ ሻጩ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ይህ ከተማ ማን ይባላል?" ብትለው፣ ሰውየው ቀና ሳይል "ሙሉሸዋ፣ ባሚያሽን ለብቻ አስቀምጬልሻለሁ" አላት። ከበስተኋላ ደግሞ ሦስት የሰፈራቸው ሴቶች አዩዋት። ነጠላ የለ፣ ባርኔጣ! ቀጥ አሉ።

"ወይኔ! ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም! ኖፌሽ ላይ ነኝ፣ ዕረፍት!"

ሴቶቹ ግን አላመኗትም። አንዷማ ያኔውኑ ስልኳን አውጥታ እናቷ ዘንድ ደወለች።

ከሰዓት በኋላ ሙሉሸዋ ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው የገመድ አልጋው ላይ ወጣች። ጫማዋን አውልቃ ተዘረጋች። ማንተገብሽ ከጎኗ በርጩማ ላይ ሆና የጓደኛዋን እግር አየች፤ ሙሉሸዋ በጠራራ ፀሐይ ጫማዋን አውልቃ ስትተኛ ያኔ ገና ማየቷ ነበር። "አሁን ነው" አለች በልቧ። "አሁን ካልነገርኳት መቼም አልነግራት።"

"ሙሉዬ..."

ስልኩ ጮኸ። የሰፈራቸው ልጅ ሳሙኤል ነበር፤ የእናቱ ወንድም ጎንደር ላይ አርፎ ኖሯል። ሙሉሸዋ፣ ተኝቶ መርዶ መናገር ነውር ነውና፣ በገመዱ ላይ እንደምንም ቁጭ አለች።

"ስማኝ ልጄ። እናትህ አልሰማችም አይደል? ስልኳን ደብቅባት። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ሰንበት እየገባ መርዶ አይነገርም። ነገማ ጭራሽ። ነገ ማታም እንዳትሞክራት፤ ሌሊት ጎረቤት የለውም። እሑድ ጎህ ሲቀድ አስቀምጣት፤ ለቆመ ሰው አይነገርም። ሁለት ሦስት ጉርሻ አቅምሳት፤ በባዶ ሆድ ለቅሶ ሰው ይጥላል። ብቻዋን እንዳትሆን። ቄሱን ጥራ፣ ይርዳውን ጥራ፤ እሱ መቀመጥ ለምዷል። አንተ ደግሞ እንዳትቀድማት! መርዶ ነጋሪ ቀድሞ አያለቅስም። ካለቀስህ እሷ አንተን ልታባብል ነው? ሰማኸኝ?"

ሳሙኤል የሚለው ለማንተገብሽም ይሰማት ነበር። "እትዬ፣ እርስዎ አይመጡም እንዴ?"

"የዚያን ዕለት ማታ ለቅሶ እደርሳለሁ። እሑድ ጠዋት ሌላ መርዶ አለኝ።"

ማንተገብሽ ደነገጠች። ማን ሞቶ ነው? እንዲህ ባርኔጣ ገዝታ ስትስቅ የዋለችው ሰው ሞቶባት ነው? መጠየቅ ደግሞ አይቻልም፤ የሙሉሸዋን ሥራ የሚያውቅ ሰው "ማን ነው?" አይላትም። የሌላ ሰው ሞት በሆዷ ተሸክማ ኖፌሽ የመጣችን ሴት እንዴት አድርጋ "እኔም ልሄድ ነው" ትበላት? ሻይ ልትጨምር ተነሣች።

ሰንበት ገባ። ከቤት ያመጡትን ዳቦ ባርከው በሉ፣ ሻማውም እያለቀ በየአልጋቸው ጋደም አሉ።

"አንድ ክፍል ካደርን ስንት ዘመናችን?" አለች ሙሉሸዋ።

"የመጣን ሰሞን። ያ ሆቴል።"

"ሆቴሉ! ሽንት ቤቱ ሲጮህ ሮጠሽ የወጣሽው!"

ሳቁ። ያንን ሆቴል ግን ሁለቱም የሚያስታውሱት በሌላ ነገር ነው። በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ወደ ኋላ የቀሩት የማንተገብሽ አባት አዲስ አበባ ላይ አረፉ ተብሎ መጣ። ሽማግሌዎቹ ሌላ ሆቴል፣ ቄሶቹ ሌላ ከተማ ነበሩ። የሠላሳ ዓመት ሴት የነበረችው ሙሉሸዋ ማንም ሳይልካት ጎህ ሲቀድ ተነሣች፣ ማንተገብሽን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠች፣ ከምግብ ቤቱ የደበቀችውን ዳቦ በእጇ አጎረሰቻት፣ ነገረቻትም። ሹመቷ የዚያን ጠዋት ጀመረ። የመጀመሪያዋ ባለመርዶ ማንተገብሽ ናት።

"ደህና እደሪ፣ እታለም" አለች ሙሉሸዋ።

በሰንበት ጠዋት ከየምኩራቡ የየመኖቹ ዜማ በመስኮት ገባ። ኤሊሻ ሌሊቱን ሙሉ የበሰለ ጃሕኑን፣ የየመኖቹን ጥቅል ቂጣ፣ በትሪ አመጣላቸው፤ ሙሉሸዋ ቀምሳ "ይህ ሰው ቅቤ ያውቃል" ብላ መሰከረችለት። ሰፈሩን ዞሩ፣ በአጥሩ ላይ ያለውን ሁሉ አበባ አሸተቱ። ማንተገብሽ ግን በየማዕዘኑ ትሞክራለች። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ ጥሩ፣ ተቀምጣለች። ጃሕኑኑም በሆዷ አለ፤ ጥሩ፣ በልታለች።

"ሙሉዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር..."

"የሚያስቅ ነው የሚያስለቅስ?"

"እ... የሚያስለቅስ ሳይሆን..."

"እንግዲያው ሰንበት ነው" አለች ሙሉሸዋ፣ እጇን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ። "ሰንበትን አታስከፊያት።"

ሰንበት ወጣ። ማንተገብሽ እንደገና አፏን ስትከፍት ሙሉሸዋ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ "መሽቷል" አለች። ማንተገብሽ በጨለማው ተናደደች። በራሷ ተናደደች፣ በጓደኛዋ ሕግ ተናደደች። ይህን የመሰለ ቅዳሜና እሑድ አግኝታ አንዲት ቃል ሳትናገር ሊነጋ ነው። ሜይታልን ምን ልትላት ነው? መቼም ዕቃ የሚጭን መኪና ደጅ ሲቆም ሙሉሸዋ በመስኮት አይታ ልትረዳው? አምላክ አያድርገው። እንባዋን ትራሱ ላይ አበሰች፣ ያንቀላፋችውም ሲነጋጋ ነው።

ስትነቃ የጎኗ አልጋ ባዶ ነው፤ አንሶላው ተጣጥፏል። ከውጭ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ነጠላዋን ደርባ ብትወጣ፣ ከሎሚው ሥር ሦስት የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። አንዱ ላይ ኤሊሻ፣ የሌሊት ሱሪውን እንደለበሰ፣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ለምን እንደተቀሰቀሰ እንደማያውቅ ያስታውቃል፤ ከባድ ነገር መሆኑን ግን ከሙሉሸዋ ፊት ተረድቶ ፊቱን እንደሷ አክብዷል። ሙሉሸዋ ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

"እንዴት አደርሽ? ነይ፣ ተቀመጪ።"

ማንተገብሽ የወንበሩን ጀርባ ጨብጣ ያዘች። ይርዳው ወለሉ ላይ ለምን እንደተዘረገፈ ያኔ ገባት። "ሜይታል ናት? ልጆቹ ናቸው? ኧረ ንገሪኝ!"

"ማንም አልሞተም። ተቀመጪና ቅመሽ።"

ከሰንበት የተረፈውን ዳቦ ቆርሳ በእጇ አጎረሰቻት። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና ማንተገብሽ በመቶ ቤት በሰማችው በዚያ ዝግ ባለ ድምፅ ጀመረች።

"ሰው እንግዳ ነው፣ እታለም። የሰጠ አምላክ ሲያሻው ይወስዳል፣ ሲያሻው ቦታ ያለዋውጣል። አንዲት ጎረቤት ነበረችን። በርበሬ ስትቀምም እጇ የማይሳሳት፣ ስትስቅ ሦስተኛ ፎቅ የሚሰማ። ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖርን። አልጠገብናትም። ያቺ ሴት..." ነጠላዋን አስተካከለች። "ያቺ ሴት ማንተገብሽ ናት። ከረሆቮት ልትሄድ ነው። ወደ ልጇ። ቁርጥ ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

ማንተገብሽ የራሷን መርዶ እንዲህ ተረዳች። ሁለት ወር የታነቀችበት ነገር በሰው አፍ ሲወጣ ሰማችውና ገና እውነት መሆኑ ገባት፤ የሰፈሯ በር፣ ደረጃዋ፣ ባሚያ ሻጩ ሳይቀር በዓይኗ ላይ መጣ። ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ ግን ተቀደመች። ሙሉሸዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፣ ከዚያ ያቺ በመቶ ቤት ያላለቀሰች ሴት እንደ ልጅ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

"ቀደምሽኝ!" አለች ማንተገብሽ፣ እየሳቀች ነው እያለቀሰች ሳይለይ። ተነሥታ አቀፈቻት። "መርዶ ነጋሪ ቀድሞ ያለቅሳል? አሁን እኔ አንቺን ላባብል ነው?"

"ምን ላድርግ! አመለጠኝ!"

ኤሊሻ አንዷን ያያል፣ ሌላዋን ያያል። ዓይኑ እሱም ረጥቧል። "ማን ሞተ?" አለ በዕብራይስጥ ቀስ ብሎ።

"ማንም አልሞተም። አንተም ብላ" አለችውና ዳቦ ሰጠችው። የታዘዘውን በላ።

"ማን ነገረሽ?" አለች ማንተገብሽ፣ ልቧ ሲመለስላት።

"በርበሬው። ዓመቱን እዚሁ ልትከርም የምታስብ ሴት ትንሹን ዕቃ ታነሣለች? ሆዴን ያቃጥለኛል ትለኛለች ደግሞ፣ በማግሥቱ ቃሪያ በጥሬው እየበላች! መንታ የወለደች ልጅስ እናቷን ሳትጠራ ትቀራለች?"

"አውቀሽ ነው እንዲህ ያስጨነቅሽኝ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!"

"ስትታገዪ አየሁሽ እኮ። አንዴ ገመድ ላይ ተኝቼ ልትነግሪኝ፣ አንዴ በሰንበት፣ አንዴ በጨለማ! እንዲህም መርዶ የለ!" አፍንጫዋን ጠረገች። "የመጀመሪያውን እኔ ነግሬሻለሁ። ይህንንም ለሌላ ሰው አልሰጥም አልሁ። ለራስሽም ቢሆን።"

ፀሐይዋ ከጣሪያው በላይ ብቅ አለች። ኤሊሻ ሻይ ሊያፈላ ገባ። ሁለቱ ሴቶች ወንበራቸውን አጠጋግተው ተቀመጡ፤ ዳቦውን ጨረሱት፣ ፍርፋሪውን ሙሉሸዋ ለወፎቹ በተነች። ከዚያ ዘወር ሳትል፣ የማይገዙትን ዕቃ እንደሚጠይቁት አድርጋ ጠየቀች።

"ባቡሩ ከርሚኤል ድረስ ይገባል ይላሉ። እውነት ነው?"

"ይገባል።"

"ማደሪያስ አለ? ወይስ መንታዎቹ ሞልተውታል?"

"አልጋ አለሽ። ለአንቺ ብዬ ነው ያስገባሁት።"

"እህ።"

ማንተገብሽ አስተውላ አየቻት። ሠላሳ አራት ዓመት ከዚህች ከተማ ውጭ አንድ ሌሊት ያላደረች ሴት። "በዚያ መሃል ሰው ቢሞትስ?" አለቻት።

ሙሉሸዋ የተዘቀዘቀውን ነጠላዋን ገፍፋ አራገፈችው፣ ገልብጣ እንደ ደግ ቀን ለበሰችው።

"እስክመለስ ይጠብቀኝ" አለች።